የሩቅ የአየር ንብረት መዋዠቅ የሐሩርን ባሕር የሚያሞቀው እንዴት ነው?

ኤልኒኖ (የፓስፊክ ወገብ መካከልና ምሥራቅ በየጥቂት ዓመቱ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) በተነሣ ቁጥር የፓስፊክ ሙቀት ወደ ሌሎች ውቅያኖሶች እየተዛመተ እንደሆነ ይነገራል። አነጋገሩ ሐሰት ባይሆንም በሰሚው አእምሮ የሚስለው ሥዕል አሳሳች ነው፤ ሙቅ ውሃ ከአንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ሌላው እየፈሰሰ የሚሄድ ያስመስለዋል። በፓስፊክና በሐሩሩ አትላንቲክ መካከል ግን የአሜሪካ አህጉር ተጋርጦ ይገኛል። በሐሩር ክልል ውስጥ ከፓስፊክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሙቅ ውሃ የሚሻገርበት አንድ በር አለ፤ እርሱም በኢንዶኔዥያ ደሴቶች መካከል በሴኮንድ ወደ 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ የሚያልፍበት መተላለፊያ ነው። ይህ ፍሰት ደግሞ በኤልኒኖ ጊዜ ይዳከማል እንጂ አይበረታም። የሕንድ ውቅያኖስ የሚሞቀው እንግዲህ በሩ በጠበበበት ወቅት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣው ነገር የሚደርሰው ለነፋሱና ለደመናው ነው፤ ባሕሩ የሚሞቀው በራሱ ላይ በሚወርደው የፀሐይ ብርሃንና በትነት ሳይወጣ በቀረው የራሱ ሙቀት ነው። ስለ ሩቅ መዋዠቆች የሚጻፈውን አብዛኛውን ነገር ሳይደናገሩ ለመከተል ይህን አንድ ነጥብ አጥብቆ መያዝ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ምን ያህል ጥቃቅን በሆኑ ለውጦች እንደሚንቀሳቀስ ለማየት ከስሌት መጀመር ይሻላል። የንግድ ነፋሳት የሚባሉት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘወትር የሚነፍሱት ነፋሳት በሚያልፉበት የሐሩር ባሕር ላይ፣ ውሃው በትነት የሚያጣው ሙቀት በካሬ ሜትር በአማካይ ከ100 እስከ 150 ዋት ይደርሳል። እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውሃ ሲተን ወደ 2.5 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይዞ ስለሚሄድ፣ ሐሩሩ ባሕር ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት የሚያራግፈው ከሁሉ በላይ በዚህ መንገድ ነው። ትነቱ ነፋሱ ሲበረታ ይጨምራል፣ ሲደክምም ይቀንሳል። አሁን በሴኮንድ 7 ሜትር ሲነፍስ የነበረው ነፋስ 10 በመቶ ደክሞ ወደ 6.3 ሜትር ዝቅ አለ እንበል። በመርከብ ላይ የቆመ ሰው ልዩነቱን ልብ አይለውም፤ ከባሕሩ የሚወጣው ሙቀት ግን በካሬ ሜትር 10 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ነፋስ ዘወትር የሚያምሰውና ከላይ እስከ ታች ተመሳሳይ ሙቀት ያለው የላይኛው የውሃ ንጣፍ 50 ሜትር ውፍረት አለው ብንል፣ ያ 10 ዋት ለ3 ወራት ሳይቋረጥ ሲጠራቀም ንጣፉን በሙሉ በ0.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቀዋል።

0.4 ዲግሪ በየብስ ላይ ከጠዋት እስከ ረፋድ በሚታየው የሙቀት ለውጥ ፊት ከምንም የማይቆጠር ነው። በሐሩር ባሕር ላይ ግን የውሃው ሙቀት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ያለውን ደፍ ሲያልፍ የአየሩ ሽቅብ ፍሰትና የነጎድጓድ ደመናው በፍጥነት ስለሚጠናከር፣ በዚያ ደፍ አጠገብ ያለ ባሕር በጥቂት አሥረኛ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ በምድር ወገብ አካባቢ የተዘረጋውን የዝናብ መቀነት ከቦታው ለማንሸራተት ይበቃል። ለዚህም ነው የአየር ንብረት ተመራማሪዎች አንድ ዲግሪ ስለማትሞላ ለውጥ ያን ያህል የሚከራከሩት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአየር ሁኔታ በሳምንትና በሁለት ሳምንት የሚገለባበጥ ሆኖ ሳለ፣ በባሕሩ ላይ የሚተወው አሻራ ለወራት የሚቆየው ለምንድን ነው? መልሱ በአመዛኙ በሁለቱ ሙቀት የመያዝ አቅም ልዩነት ላይ ነው፤ የላይኛው 2.5 ሜትር ውሃ ብቻውን ከበላዩ ያለው ከባቢ አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት መያዝ ይችላል። ጀርመናዊው ክላውስ ሃሰልማን በ1976 ይህን ሐሳብ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው፦ ከባቢ አየሩ ያለ ሥርዓት የሚሰነዝራቸውን አጫጭር ግፊቶች ውቅያኖሱ እየደመረ ስለሚይዝ፣ ትርጉም ከሌለው ጫጫታ ቀስ ብሎ የሚዋዥቅ የሙቀት ለውጥ ይወጣል። ሃሰልማን በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ነበር። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የቅዝቃዜ ወራት በዚህ ጉዳይ የተለየ ክብደት የሚኖራቸውም ለዚሁ ነው፤ በእነዚያ ወራት የመካከለኛው ኬክሮስ (በሐሩርና በዋልታ ክልሎች መካከል ያለው አካባቢ) የአየር ግፊት መዋዠቅ ከሁሉ ስለሚበረታ፣ የሐሩሩ ባሕር ሒሳቡን የሚያወራርደው ዘግይቶ፣ ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት ይሆናል።

መዋዠቆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ስም የሰጣቸው ጊልበርት ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1904 የሕንድ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም የተሰጠው ሥራ የሞንሱን ዝናብ መቅረትን አስቀድሞ ማወቅ ነበር፤ በ1899 ዝናቡ ቀርቶ የደረሰው ረሃብ ገና ከሰው ልብ አልጠፋም። ዎከር ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገቦችን እርስ በርስ እያስተያየ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ብዙ ጸሐፊዎችን በስሌት አሰማርቶ፣ በ1920ዎቹ ሦስት ትልልቅ መዋዠቆችን ለየ፦ የሰሜን አትላንቲክ፣ የሰሜን ፓስፊክና የደቡብ መዋዠቅ (የመጨረሻው በሐሩሩ ፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያለው ነው)። በሦስቱም ውስጥ የአየር ግፊቱ እንደ ሚዛን ነው፤ በአንዱ ወገን ሲከብድ በሌላው ይቀላል። ምክንያቱን ማስረዳት ባለመቻሉ ብዙዎች ሥራውን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ እውነት ለመናገር ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ሺህ ጊዜ የተዛምዶ ስሌት የሚሠራ ሰው አንዳንዱ በአጋጣሚ መግጠሙ አይቀርምና። የደቡቡ መዋዠቅ ከኤልኒኖ ጋር አንድ አካል መሆኑን ጃኮብ ቢየርክነስ ያሳየው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በፓስፊክ ወገብ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዞረውን የአየር ዑደትም በዎከር ስም የሰየመው እርሱ ነው።

የኤልኒኖ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ የተጠና ስለሆነ ወደ ሌሎቹ ውቅያኖሶች የሚደርስበትን መንገድ በእርሱ ማየት ይቀላል። ሙቁ ውሃ ወደ ፓስፊክ መካከልና ምሥራቅ ሲሸሽ የነጎድጓድ ደመናውም ተከትሎት ይሄዳል፤ በኢንዶኔዥያ ዙሪያ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው አየር ይዳከማል ወይም ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። አየር በሚወርድበት ደመና ይሳሳል፤ ደመና በሳሳበት ፀሐይ ያለ ከልካይ ባሕሩን ታሞቃለች። የሕንድ ውቅያኖስና የደቡብ ቻይና ባሕር በዋናነት የሚሞቁት በዚህ መንገድ ነው፤ የነፋሱ መድከምና የትነቱ መቀነስ ደግሞ ያግዘዋል። ኤልኒኖ ብዙውን ጊዜ በዲሴምበር አካባቢ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ እነዚህ ባሕሮች ግን የሚሞቁት ከ3 እስከ 6 ወራት ዘግይተው ነው፤ መዘግየቱም ከላይ የተሰላው የመጠራቀም ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀቱን እንደ ኤሌክትሪክ ካፓሲተር ይዞ ስለሚቆይ፣ ኤልኒኖው በፓስፊክ ከጠፋ በኋላም በቀጣዩ የሞንሱን ወቅት በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ላይ ተጽዕኖውን ያሳርፋል።

እዚህ ላይ ከመነሻ ነጥቤ የሚወጣ አንድ ቦታ እንዳለ መጥቀስ ግድ ይለኛል። በደቡብ ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛው የጥልቅ ውሃ ለገጹ ቅርብ ስለሆነ፣ የሩቁ ነፋስ ለውጥ በውሃው ውስጥ ሞገድ ያስነሣል፤ ያ ሞገድ ወደ ምዕራብ እየተጓዘ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ታች ሲገፋው ገጹ ይሞቃል። እዚያ ፀሐይና ትነት ብቻቸውን ታሪኩን አይጨርሱትም።

ወደ ሰሜኑ ሐሩር አትላንቲክ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በመካከለኛው ኬክሮስ የሚዞር ነው፦ በፓስፊክ ወገብ ላይ የሚለቀቀው ስውር ሙቀት (እንፋሎት ወደ ዝናብ ሲለወጥ የሚወጣው) ሮዝቢ የተባሉትን ግዙፍ የአየር ሞገዶች ያስነሣል፤ እነዚህም በሰሜን ፓስፊክና በሰሜን አሜሪካ ላይ ቀስት ሠርተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይታጠፋሉ፤ በአትላንቲክ ላይ የተኛውን ከፍተኛ ግፊትም ያዳክሙታል። ያ ግፊት ሲዳከም ከእርሱ የሚነሡት የንግድ ነፋሳት ይደክማሉ፤ ትነት ይቀንሳል፤ ባሕሩ ይሞቃል። ሁለተኛው መንገድ የምድር ወገብን ተከትሎ የሚሄድ ነው። በወገቡ አካባቢ የምድር መሽከርከር ተጽዕኖ ደካማ ስለሆነ ላይኛው ከባቢ አየር ከቦታ ቦታ የሙቀት ልዩነት ይዞ ሊቆይ አይችልም፤ በፓስፊክ ላይ የሞቀው አየር በኬልቪን ሞገድ (ወገቡን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ በሚጓዝ ሞገድ) አማካይነት በሳምንታት ውስጥ የሐሩሩን ትሮፖስፌር፣ ማለትም ደመናና ዝናብ ያለበትን የከባቢ አየር ንጣፍ፣ ዙሪያውን ያሞቀዋል። ላይኛው አየር ሲሞቅ ከታች ያለው አየር ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል፤ እርጥበቱ ከባሕሩ አጠገብ ይታፈናል፤ በእርጥበት የጠገበ አየር ደግሞ ተጨማሪ ትነት አይቀበልም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ይማርከኛል፤ በሐሩር ክልል ሙቀት ተደብቆ የሚቀመጥበት ጥግ አለመኖሩን በግልጽ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

አትላንቲክ ከፓስፊክ በተጨማሪ የራሱ የሰሜን ጌታ አለው። የሰሜን አትላንቲክ መዋዠቅ የሚለካው በአዞር ደሴቶች አካባቢ ባለው ከፍተኛ ግፊትና በአይስላንድ አካባቢ ባለው ዝቅተኛ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ስሙ በዜና የሚጠራው ስለ አውሮፓ ብርድ ሲወራ ስለሆነ ከሐሩር ባሕር ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን የአዞሩ ከፍተኛ ግፊት ደቡባዊ ጠርዝ የንግድ ነፋሳት የሚነሡበት ቦታ ነው። መዋዠቁ በአዎንታዊው ወገን ሲሆን (ልዩነቱ ሲሰፋ) ነፋሳቱ ይበረታሉ፤ የሰሜኑ ሐሩር አትላንቲክም ይቀዘቅዛል፤ በአሉታዊው ወገን ሲሆን ግልባጩ ይሆናል። በባሕር ገጽ ሙቀት ካርታ ላይ ይህ አሻራ ሦስት መቀነት ሆኖ ይታያል፦ ሐሩሩና ከግሪንላንድ በስተደቡብ ያለው ባሕር ወደ አንድ ወገን ሲያደሉ፣ በመካከላቸው ከአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ያለው ባሕር ወደ ተቃራኒው ያደላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ለማየት ከ2010 የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ2009 መጨረሻ በፓስፊክ ኤልኒኖ ነበር፤ በዚያው ወቅት የሰሜን አትላንቲክ መዋዠቅ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በሚዘልቀው መዝገብ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ ዝቅ ካሉት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ወደቀ። አውሮፓና የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በበረዶ ተሸፈኑ፤ የንግድ ነፋሳት ግን ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ተዳከሙ። ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት የሰሜኑ ሐሩር አትላንቲክ እስከዚያ ጊዜ ተመዝግቦ የማያውቅ ሙቀት ላይ ደረሰ። የዝናብ መቀነቱ ወደ ሞቀው ባሕር፣ ማለትም ወደ ሰሜን ስለተሳበ፣ አማዞን ደረቀ፤ በኦክቶበር በማናውስ ከተማ የኔግሮ ወንዝ ከ1902 ጀምሮ እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ደረጃዎች ሁሉ ዝቅ ወዳለው ወረደ። የካሪቢያን ኮራሎች ነጡ። በዚያ ዓመት በአትላንቲክ 19 ስም የተሰጣቸው ማዕበሎች ተነሡ፤ ከእነርሱ 12ቱ ሐሪኬን ሆኑ። የአማዞን ወንዝ መጉደልና የአውሮፓ በረዶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲጠሩ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ በመካከላቸው ያለው ሰንሰለት ከላይ ባሰላነው የትነት ልዩነት የተያያዘ ነው።

በፓስፊክም ነገሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ኤልኒኖ የሩቅ መዋዠቆች ምንጭ ብቻ ተደርጎ መታየቱ የማይስማማኝም ለዚህ ነው። በቅዝቃዜው ወራት የሰሜን ፓስፊክ መዋዠቅ በአላስካና በሃዋይ መካከል ያለውን የግፊት ሚዛን ሲያዛንፍ፣ ከሃዋይ እስከ ሜክሲኮ ባለው ባሕር ላይ የንግድ ነፋሳት ይደክማሉ፤ ባሕሩም ይሞቃል። የአየር መዋዠቁ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ይሞታል፤ የባሕሩ አሻራ ግን እስከ ጁንና ጁላይ ይዘልቃል። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሞቀው ባሕር ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ከደቡብ አየር ይሳባል፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ አየር ደግሞ በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ይህ መታጠፍ ከምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስ ይቃረነዋል፤ ነፋሱ ከሞቀው ቦታ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ባሕር ላይም ይደክማል፤ ያም ባሕር በተራው ይሞቃል። ሙቀቱ በዚህ መንገድ ራሱን እየመገበ ወደ ምድር ወገብ ይወርዳል፤ ውሃው ራሱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ወገቡ ጋር ሲደርስ በዚያ ያለው ነፋስ ይላላል፤ በውሃ ውስጥ የሚጓዝ የኬልቪን ሞገድ ይነሣል፤ ሞገዱም ፓስፊክን ከዳር እስከ ዳር በ2 ወይም 3 ወራት አቋርጦ በምሥራቅ ያለውን ቀዝቃዛ የጥልቅ ውሃ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ይህም ለቀጣዩ ኤልኒኖ በር ይከፍታል።

በ2014 መጀመሪያ በፓስፊክ ወገብ ላይ ከምዕራብ የመጡ ብርቱ ነፋሳት ስለታዩ ብዙ ትንበያዎች ትልቅ ኤልኒኖ ይመጣል ብለው ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ግን ነገሩ ከሸፈ። በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ የነበረው ሙቀት ግን አልጠፋም፤ ከሃዋይ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ባሕርም እንደሞቀ ቀጠለ፤ በ2015 መጨረሻ ከታወቁት ኤልኒኖዎች ሁሉ ከበረቱት አንዱ መጣ። ከሰሜን የመጣው አሻራ ድርሻ እንደነበረው በርካታ ጥናቶች ይስማማሉ፤ ብቻውን አደረገው ግን ማንም አይልም።

የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ ዳይፖል ተብሎ የሚታወቀው መዋዠቅም የጥገኝነቱን ልክ ለማየት ይረዳል። በ1997 ዳይፖሉ ከትልቅ ኤልኒኖ ጋር አብሮ መጣ፤ በምሥራቅ፣ በሱማትራ ደሴት በኩል ያለው ባሕር ሲቀዘቅዝ የምዕራቡ ሞቀ። በ1961ና በ2019 ግን በፓስፊክ ይህ ነው የሚባል ኤልኒኖ ሳይኖር ያንኑ የመሰለ ነገር ተከሰተ። የሩቁ ግፊት ባሕሩን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ባሕሩም ሳይቀሰቀስ ሊነሣ ይችላል።

በአሥርተ ዓመታት ስለሚቆጠሩት ዘገምተኛ መዋዠቆች የምለው አጭር ነው፤ እምነቴ በእነርሱ ላይ ደካማ ስለሆነ። ከ60 እስከ 80 ዓመት ይዋዥቃል የተባለለት የአትላንቲክ የረጅም ጊዜ መዋዠቅ ስሙን ያገኘው በ2000 ሲሆን፣ ስሙን ያወጣው ማይክል ማን ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተማቸው ጥናቶች እንዲህ ያለ የውስጥ ዑደት ለመኖሩ በቂ ማስረጃ የለም ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል፤ ዑደት የመሰለው ነገር በእሳተ ገሞራዎችና በኢንዱስትሪ ጭስ የመጣ ነው ይላል። ሌሎች አሁንም አይስማሙም። የመሣሪያ መዝገባችን ወደ 150 ዓመት ገደማ ብቻ በመሆኑ የዚህ ዓይነት ዑደት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ብቻ ታይቷል፤ በሁለት ዙር ላይ ተመሥርቶ ሕግ ማውጣት ይከብዳል።

በአንጻሩ 2023 የኢንዴክስ ቁጥር (የአንድን መዋዠቅ ሁኔታ በአንድ አኃዝ የሚገልጽ መለኪያ) ብቻ ተይዞ ምክንያት መናገር ምን ያህል እንደሚያስት አሳይቷል። በዚያ ዓመት የሰሜኑ ሐሩር አትላንቲክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በጁን ደግሞ ኤልኒኖ መግባቱ ይፋ ሆነ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ወዲያው አገናኛቸው። ነገር ግን ኤልኒኖ አትላንቲክን የሚያሞቀው ጫፍ ላይ ከደረሰ ከወራት በኋላ ነው፤ በጁን ገና መጀመሩ ነበር። በሜይና በጁን የሆነውን ለማወቅ የነፋሱን ካርታ ማየት ይበቃ ነበር፦ የአዞሩ ከፍተኛ ግፊት ተዳክሞ፣ የንግድ ነፋሳት ላልተው፣ ከሰሃራ የሚነሣው አቧራም ቀንሶ ስለነበር ባሕሩ በአንድ በኩል ትነቱ ቀነሰለት፣ በሌላ በኩል ተጨማሪ ፀሐይ አገኘ። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሲሞቅ በቆየ ባሕር ላይ ነው። ኤልኒኖው ተራው ሲደርስ፣ በ2024 መጀመሪያ፣ አስቀድሞ በሞቀው ላይ የበኩሉን ጨመረ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የአትላንቲክ ወገብ ራሱ ነው። ከወገቡ በስተሰሜን ያለው ባሕር ለኤልኒኖ የሚሰጠው ምላሽ ይህን ያህል የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በስተምዕራብ በወገቡ ላይ ያለው ባሕር ለ1982–83ና ለ1997–98 ታላላቅ ኤልኒኖዎች ተመሳሳይ ምላሽ አልሰጠም። ምክንያቱ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች እዚያ መገናኘታቸው ነው፦ ከላይ የሞቀው ትሮፖስፌር ባሕሩን ሊያሞቅ ይሞክራል፤ በአማዞን ላይ የሚዳከመው የአየር ሽቅብ ፍሰት ግን በወገቡ ላይ ያለውን የምሥራቅ ነፋስ ያበረታዋል፤ የበረታው ነፋስም ቀዝቃዛውን የጥልቅ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል። ሁለቱ ተቀራራቢ ጉልበት ስላላቸው ውጤቱን የሚወስነው ባሕሩ ኤልኒኖው በደረሰበት ጊዜ የነበረበት ሁኔታ ነው፤ ስለዚህም ለዚያ ጠባብ መቀነት የሚሰጥ የወራት ትንበያ ከፓስፊኩ ኢንዴክስ ይልቅ በዚያው በአትላንቲክ ከገጹ በታች ያለውን የውሃ ሙቀት መጠየቅ ይኖርበታል።